መልክ ያልመሰከረለት ወገን

ሰው በሰው ላይ የሚያሳየው ንቀት ብዙውን ጊዜ በዓይን ይጀምራል። ዓይን የቈዳን ቀለም ያያል፤ ልብ በታየው ነገር ይፈርዳል፤ አፍም ልብ የፈረደውን ይናገራል። ነገር ግን ዓይን ራሱ ቢሳሳት፥ የተናቀው ወገን ልጅ በናቂዎቹ መካከል እንደ ባልንጀራ ተቀምጦ ስለ እናቱና ስለ አባቱ የሚባለውን ቢሰማ፥ ያ ሰው ምን ይሆናል? ምንስ ማድረግ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል ብቻ የተነሣ አይደለም። ከጥቍርና ከነጭ ተወልደው መልካቸው ወደ ነጭ ያደላ ብዙ ሰዎች በዚህ ፈተና ውስጥ ኖረዋል፤ ዛሬም ይኖራሉ። በባሕር ማዶ ባሉት አጥቢያዎቻችንም አንድ ወላጃቸው ኢትዮጵያዊ፥ አንድ ወላጃቸው ነጭ የሆኑ ልጆች በማደግ ላይ ስለሆኑ፥ ነገሩ የካህናትንና የወላጆችን ልብ ሊያሳስብ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስለዚህ ጕዳይ ከሌሎች አገሮች ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የአሜሪካ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር የባርነት ሕግ፥ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ዘንድ ያዝዝ ነበር። አባቱ ጌታ ቢሆን እንኳ እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁ ባሪያ ነው። ጌቶችም ከባሮቻቸው ይወልዱ ስለ ነበር፥ ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ መልካቸው ከጌታው ልጆች የማይለይ ባሮች ተገኙ። በጆርጂያ የተወለደችው ኤለን ክራፍት ከነዚህ አንዷ ነበረች። አባቷ የእናቷ ጌታ ነበረ። እንግዶች ወደ ቤት በመጡ ቍጥር ከቤቱ ልጆች አንዷ እየመሰለቻቸው ስለ ተቸገረች፥ እመቤቲቱ ተቈጥታ በ11 ዓመቷ ለሴት ልጇ የሰርግ ስጦታ አድርጋ ሰጠቻት። አንባቢ ልብ ይበል፤ ኤለን በስጦታ የተሰጠችው በአባት ለምትገናኛት ለገዛ እኅቷ ነው።

ይህች ሴት በ1848 በዲሴምበር ወር ፀጕሯን ተቈርጣ፥ የወንድ ልብስ ለብሳ፥ ሕመምተኛ ነጭ ጌታ መስላ፥ ጥቍር የሆነውን ባሏን ዊልያምን እንደ አሽከር አስከትላ፥ ከሜከን ከተማ በባቡርና በመርከብ ወደ ሰሜን ተነሣች። መጻፍ ስለማትችል ፊርማ እንዳትጠየቅ ቀኝ እጇን እንደ ታመመ ሰው በጨርቅ አስራ በአንገቷ አንጠለጠለችው። በመንገድ ያገኟት ነጮች በትሕትና «ጌታዬ» እያሉ፥ ይህን ባሪያ ባርነት ወደሌለበት አገር አትውሰደው፥ ይጠፋብሃል ሲሉ መከሯት። የሚጠፋው ባሪያው ብቻ ሳይሆን ጌታውም ጭምር መሆኑን መካሪዎቹ አላወቁም። ባልና ሚስቱ ነጮቹ የልደትን በዓል በሚያከብሩበት ቀን ፊላደልፊያ ገብተው ነጻ ወጡ።

ባርነት በ1865 በሕግ ቀረ፤ የቀለም ሕግ ግን አልቀረም። በሉዊዚያና የነጭና የጥቍር የባቡር ሠረገላ እንዲለይ በታወጀ ጊዜ፥ ሆመር ፕሌሲ የተባለ ጫማ ሠሪ በጁን 7 ቀን 1892 በኒው ኦርሊንስ ከተማ በነጮች ሠረገላ ተቀመጠ። ከደሙ ከስምንት እጅ ሰባቱ የነጭ፥ አንዱ የጥቍር ስለ ነበረ፥ ዝም ቢል ኖሮ ወደ ፈለገበት ያለ አንዳች ችግር ይደርስ ነበር። ነገር ግን የሕጉን ክፋት በፍርድ ቤት ሊያስመረምሩ ከተማከሩ የከተማው ሰዎች ጋር ተስማምቶ ነበርና፥ ወገኑ ከጥቍሮች መሆኑን ተናግሮ ተያዘ። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1896 ፈረደበት፤ በዚያ ፍርድ መሠረት የቆመው መለያየት እስከ 1954 ድረስ ሕጋዊ ሆኖ ኖረ። የሉዊዚያና አገረ ገዥ ለፕሌሲ ምሕረት የሰጠው በ2022 ነው፤ ይኸውም ከተያዘ ከ130 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የቨርጂንያ ግዛትም በ1924 ባወጣው ሕግ፥ አንዲት የጥቍር ደም ጠብታ ያለችበትን ሁሉ ከነጭ ቍጥር አወጣ፤ ከነጭም ጋር እንዳይጋባ ከለከለ። ይህ የጋብቻ ክልከላ የፈረሰው በ1967 ነው።

እንዲህ ያለው ሕግ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። ቀለምን እንለያለን እያለ፥ ቀለም ባልታየበት ሰው ላይ የዘር መዝገብ ይገልጣል። የሚጠላው ቈዳውን ቢሆን ኖሮ ነጭ የሚመስለውን ይተወው ነበር። እንግዲህ ጥላቻው ቀድሞ በልብ የተቀመጠ መሆኑን፥ ቈዳውም ምክንያት ብቻ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የዋልተር ኋይትን ታሪክ ግን ሰፋ አድርገን ልንናገር ይገባናል። ኋይት በ1893 በአትላንታ ከተማ ተወለደ። ፀጕሩ ብጫ፥ ዓይኑ ሰማያዊ፥ ቈዳው ነጭ ነበረ፤ የቤተሰቡ ስም እንኳ በእንግሊዝኛ «ነጭ» ማለት ነው። አባቱ ደብዳቤ አዳይ፥ ቤተሰቡም ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር፥ ወገኑ ከጥቍሮች የሚቈጠር ነበረ። በሴፕቴምበር 1906፥ ዋልተር የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፥ የአትላንታ ነጮች ተነሥተው ጥቍሮችን በየመንገዱ ገደሉ። ልጁ ከአባቱ ጋር በፖስታው ሠረገላ ተቀምጦ ግድያውን በዓይኑ አየ፤ ገዳዮቹም የአባትና የልጁን መልክ እያዩ አለፏቸው። በማግሥቱ ሌሊት ግን ሕዝቡ ችቦ ይዞ ወደ ሰፈራቸው መጣ። ኋይት በ1948 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ የማን ወገን እንደ ሆነ ያወቀው በዚያች ሌሊት መሆኑን ይናገራል። ቀን በመንገድ ላይ ያዳነው መልኩ ሌሊት በቤቱ ሊያድነው አልቻለም።

በ1918፥ የጥቍሮችን መብት ለማስከበር በ1909 በተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበር ውስጥ ሥራ ያዘ። በዚያን ዘመን በደቡብ አሜሪካ ሰዎች ተሰብስበው ጥቍርን ያለ ፍርድ መስቀልና ማቃጠል ልማድ ሆኖ ነበር። ገዳዮቹን የሚጠይቅ ዳኛ አልነበረም፤ የሚመሰክርም አይገኝም ነበር። ኋይት ግድያ ወደ ተፈጸመበት መንደር እንደ ተራ ነጭ መንገደኛ ይሄዳል፤ ሰዎች ሥራ ፈትተው በሚቀመጡበት ሱቅ ይቀመጣል፤ ስለ አዝመራና ስለ ገበያ ይጫወታል። ነገሩን ለማወቅ የጓጓ መስሎ አይታይም። ጥቂት ቈይተው ሰዎቹ ራሳቸው ማን እንደ ገደለ፥ ማን ገመዱን እንዳመጣ፥ ማን እሳቱን እንደ ለኰሰ እየተመኩ ይነግሩታል። እርሱም ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ይጽፈዋል። በዚህ ሁኔታ 41 ግድያዎችንና 8 የዘር ሁከቶችን መረመረ። ስለ ወገኑ ሞት የሚነገረውን ቀልድ እየሰማ ፊቱን ሳይለውጥ መቀመጥ ምን ያህል መከራ እንደሆነ፥ በሐዘን ቤት ያለ ሰው እንዲስቅ ቢገደድ የሚሰማውን በማሰብ መገመት ይቻላል።

በ1919 በአርካንሳስ ግዛት፥ በኢሌን አካባቢ፥ የጥጥ ገበሬዎች የነበሩ ጥቍሮች የምርታቸውን ትክክለኛ ዋጋ ለመጠየቅ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሳለ ተኩስ ተነሣ፤ ከዚያም የታጠቁ ነጮች ብዙዎችን ፈጇቸው። ከተረፉትም 12 ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ኋይት የጋዜጣ ወኪል ሆኖ ወደዚያ ወረደ፤ አገረ ገዥውን ሳይቀር አነጋገረ። ነገር ግን ማንነቱ ታወቀ፤ አንድ ጥቍር ሰው በመንገድ አግኝቶ ስላስጠነቀቀው ፈጥኖ በባቡር ተሳፈረ። ትኬት ተቀባዩም፥ አንተ ደስታው ሊጀመር ሲል መሄድህ ነው፥ ነጭ መስሎ የሚዞር ጥቍር እዚህ አለና ሊይዙት ነው ብሎ አዘነለት። በእርሱና በሌሎች ጥረት ጕዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በ1923 በተሰጠው ውሳኔ ምክንያት የሞት ፍርዱ ሳይፈጸም ቀረ፤ እስረኞቹም ኋላ ተለቀቁ።

በ1931 አባቱ በአትላንታ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። መልኩን አይተው ወደ ነጮች ሐኪም ቤት አስገቡት፤ ሐኪሞችም ይረዱት ጀመር። ነገር ግን ቈዳው ጠቈር ያለ ዘመድ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ፥ ሽማግሌውን ከአልጋው አንሥተው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የጥቍሮች ክፍል ወሰዱት። ከጥቂት ቀናት በኋላም በዚያው ሞተ። ቍስሉ ያው ነበረ፤ ሕመምተኛውም ያው ነበረ፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር የጠያቂው መልክ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ስንመለስ፥ የዚህን ፈተና ምሳሌ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እናገኛለን። ቅዱስ ጴጥሮስ ከጌታው ጠላቶች ጋር እሳት እየሞቀ በቆመ ጊዜ (ዮሐ. 18)፥ ከፊቱ ማንነቱን ያወቁ ነበሩ፤ የገሊላ አነጋገሩም አጋለጠው (ማቴ. 26)። በዚያ እሳት ዙሪያ መቆሙ ኀጢአት አልነበረም፤ ጌታውን ከሩቅ የተከተለው ስለ ወደደው ነው። ኀጢአቱ፥ ከእርሱ ወገን አይደለህምን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ መማሉና መካዱ ነው። ኋይትም በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ነገር ግን የተቀመጠው የሞቱትን ወገኖቹን ቃል ተሸክሞ ሊወጣ ነው።

ታዲያ ወገንን መሰወር ሁሉ ክሕደት ነውን? አይደለም። አስቴር በመርዶክዮስ ትእዛዝ ሕዝቧንና ዘመዷን አልተናገረችም (አስ. 2)፤ መጽሐፍም ስለዚህ አይወቅሳትም። የመናገር ቀን በደረሰ ጊዜ ግን ዝም ብትል የአባቷ ቤት እንደሚጠፋ ተነገራት፤ እርሷም ለሞት ተዘጋጅታ ወደ ንጉሡ ገባች (አስ. 4-5)። ከዚህ ተነሥተን ስናየው፥ ኤለን ክራፍት ከባርነት ለማምለጥ መልኳን መጠቀሟ የሚያስነቅፋት አይደለም። ለልጆቹ እንጀራ ሲል ቀን በነጮች መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ የሠራ፥ ማታም ወደ ወገኖቹ ቤት የተመለሰ ሰውም በአሜሪካ ብዙ ነበረ፤ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ከባድ ቀኖና የሚጭን የንስሐ አባት ቢኖር፥ እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፥ ያለ ልክ የጨከነ ነው።

ሌላው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ነጭ ሆኖ ለመኖር ሲሉ ከእናትና ከአባት ፈጽመው የተቈረጡ ነበሩ። እናት ልጇን በመንገድ ስታገኘው እንዳታጋልጠው ዐይኗን ሰብራ ታልፍ ነበር፤ ለቀብሯም የማይመጣ ልጅ ነበረ። በዚህ ጊዜ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ፈርሷል። ሆኖም ልጅን ከእናቱ መካከል ገብቶ የለየው ሕግና ያንን ሕግ ያወጡት ሰዎች የበለጠውን ዕዳ ይሸከማሉ፤ ካህን ይህንን ሳያመዛዝን ቢፈርድ ከኀጢአቱ ሥር ሳይደርስ ቅጠሉን መቍረጡ ነው።

በሁለቱ መካከል ደግሞ የዕለት ተዕለቱ ፈተና አለ፤ እርሱም በሰው ፊት ስድብ ሲነገር መስማት ነው። ተሳዳቢው የሚሰማው ሰው የተሰዳቢው ልጅ መሆኑን አያውቅም። ሕይወት በሚያሳጣ ስፍራ ዝም ማለት ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም በየደረሰበት ቦታ የዘር ሐረጉን እንዲቈጥር ሊገደድ አይገባም። አብሮ መሣቅ ግን የተለየ ነው፤ ሣቅ የስድቡ ማኅተም ነውና። ብዙዎች እንደሚመሰክሩት፥ ለዓመታት የሚያቈስላቸው የሰሙት ቃል ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ከንፈራቸው ያሳየው ፈገግታ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ፥ እንዲህ ያለው ሰው ከወገኖቹ ዘንድ ሁልጊዜ እምነት አያገኝም። ኋይት ያን ሁሉ ዓመት ከሠራ በኋላ እንኳ፥ ስማቸው የገነነው ሊቅ ዱ ቦይስ በ1934 በመካከላቸው ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ኋይት መልኩ ነጭ ስለ ሆነ የቀለምን ግድግዳ በራሱ ላይ አላየውም ብለው ጽፈውበታል። በነገሩ ከፊል እውነት አለበት፤ መልኩ የከፈተለት በር ለሌላው የተዘጋ ነበረና። ግን አባቱ እንዴት እንደ ሞተ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመጻፍ እጁ ሊከብደው በተገባ ነበር። ሊቀ ነቢያት ሙሴም በእንዲህ ያለ ስፍራ ቆሞ ነበር። የምድያም ካህን ልጆች ባዩት ጊዜ ግብፃዊ ነው ብለው ለአባታቸው ነገሩ፤ ሊያስታርቃቸው የመጣው ዕብራዊም ማን በእኛ ላይ ሾመህ አለው (ዘፀ. 2)። ሐዋርያው ግን የፈርዖን የልጅ ልጅ መባልን እምቢ ብሎ ከሕዝቡ ጋር መከራ መቀበልን እንደ መረጠ ይመሰክርለታል (ዕብ. 11)።

ወደ አገራችንም አካባቢ እንመልከት። የኢጣልያ መንግሥት በ1933 ለኤርትራና ለሶማሊያ ባወጣው ሕግ፥ አባቱ ያልታወቀ ክልስ ልጅ መልኩ ተመርምሮ ነጭ አባት እንዳለው ከታመነ፥ ሌላውም የተወሰነው ሁኔታ ከተሟላ፥ ዜግነት ሊያገኝ ይችል ነበር። በ1940 ግን በሌላ ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ ኢጣልያዊ አባትም ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ልጁን ስም አልባ ያደረገው ጠላት ሆኖ ሳለ፥ ከጠላት ተወለድህ እያለ ያንኑ ልጅ የሰደበ የእኛም ሰው አልታጣም። እናቶቹ ብቻቸውን አሳደጓቸው።

ይህን ስንናገር በገዛ ቤታችን ያለውን አንሸፍን። ባርነት በአገራችን በ1942 በአዋጅ ፈጽሞ ተከልክሏል፤ አጥንት መቍጠር ግን ከማዕድ ላይ ገና አልተነሣም። አያቱ በባርነት ተሸጣ የመጣች፥ መልኩ ግን ቀይ የሆነ ሰው በድግስ ተቀምጦ፥ ባለቤቱ ስለ አንዱ ሙሽራ ዘር ሲያማ፥ ከንፈሩንና አፍንጫውን እየጠቀሰ ሲያስቅ ይሰማል። ጠላውንም አስቀምጦ ዝም ይላል። አሜሪካዊው በመንደር ሱቅ የሰማውን የሚመስል ነገር እኛ ጸሎት አድርገን በምንቈርስበት ማዕድ ይነገራል። ማርያም የሙሴ እኅት በኢትዮጵያዊቱ የወንድሟ ሚስት ምክንያት ባማች ጊዜ፥ የመጣባት ቅጣት ቈዳዋ እንደ በረዶ ነጭ መሆን ነበረ (ዘኍ. 12)። ቀለምን ያማ ሰው በቀለም ተቀጣ። ከሠፈርም ውጭ ሰባት ቀን ተዘግቶባት ስትቀመጥ፥ ሕዝቡ ሁሉ ጕዞውን አቋርጦ ጠበቃት፤ ሐሜት የሐሜተኛው ብቻ ጕዳት ሆኖ እንደማይቀር ከዚህ ይታያል።

በስደት አገር ያሉት ልጆቻችን ይህን ፈተና ከሁለት ወገን ይቀበላሉ። በትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ስለ ጥቍሮችና ስለ ስደተኞች የልባቸውን ይናገራሉ፤ ከእነርሱ እንደ አንዱ አድርገው ይቈጥሯቸዋልና። እሑድ ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ደግሞ፥ ይህች ፈረንጅ ማን ናት፥ ማን አመጣት ሲባል ይሰማሉ። ተናጋሪዋ ልጂቱ አማርኛ አትሰማም ብላ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹ በፊቱ ሲነጋገሩ ቋንቋቸውን እንደሚያውቅ አላወቁም ነበር፤ አስተርጓሚ በመካከላቸው ነበረና፤ እርሱ ግን ከእነርሱ ዘወር ብሎ አለቀሰ (ዘፍ. 42)። በሴቶች መቆሚያ ከኋላ የቆመች አንዲት ልጅ ዘወር ብላ ብታለቅስ አይገርምም።

ስለዚህ ወላጆች ነገሩን ልጁ ከውጭ ሰው ሳይሰማ አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል፤ የሁለቱንም ወገን አያቶች ስምና አገር፥ ሁለቱንም ያለ ሐፍረት። የንስሐ አባትም፥ ልጄ ሆይ አንተ የየትኛው ነህ ብሎ ከመጠየቅ ይቈጠብ፤ በዐርባ ቀን ወይም በሰማንያ ቀን ተጠምቆ ስም ያወጣለት ልጅ ነውና። ይልቅስ ምን ሰማህ፥ ምንስ መለስህ ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ አጥቶ ከሆነም አብሮት መልስ ይፈልግ።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከአንድ ማኅፀን የወጡት መልካቸው ሲለያይ ነው። እኅት ነጭ ትመስላለች፤ ወንድም ጠይም ነው። ወደ አንድ ሱቅ ገብተው ዘበኛው ወንድሟን ብቻ ይከተላል፤ ፖሊስ በመንገድ ላይ እርሱን ያቆማል፥ እርሷን ግን ጥፋት ደርሶብሽ እንደ ሆነ ንገሪኝ ይላታል። በቤት ሲመለሱ እርሱ ይቈጣል፤ እርሷም እንዳትናገር የእርሱን ቍስል የወሰደች ይመስላታል፥ ዝም እንዳትል ልቧ ይወቅሳታል። ወላጆች ይህን ሁለቱ ባሉበት ያነጋግሩ እንጂ ለየብቻ አያባብሉ። ልጂቱም በዘበኛው ፊት ልትናገረው የምትችል ቃል አላት፤ ለመናገርም ረዥም ትምህርት አያስፈልጋትም፤ ከወንድሟ አጠገብ ሄዳ ቆማ፥ ወንድሜ ነው ትበል።